እርም የሚያወጣ ልቦለድ፦ ወንድም ወይም እህት ለሞተበት ሰው የትኛውን እንስጥ?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከመሐል ሜዳ የመጣች ሴት በሬን አንኳኳች። የጎረቤቴ ዘመድ ናት። ጋቢዋን እንደተከናነበች ደጃፉ ላይ ቆማ፣ “እትዬ፣ መጽሐፍ ያበድራሉ አሉኝ” አለች። ታናሽ ወንድማቸው ከሞተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አርባው ወጥቷል። ታላቅ እህቷ ግን ነገሩ አልወጣላትም። አታለቅስም፣ አታወራም፣ በር በሩን ታያለች። “ድሮ ማንበብ ትወድ ነበር። ወንድምና እህት ያሉበት፣ ሐዘንም ያለበት ነገር ካለዎት ብዬ ነው።”

ደብረ ብርሃን ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። መጽሐፎቼ ከእኔ መደርደሪያ ይልቅ ጎረቤት ቤት ነው የሚያድሩት። ሦስት አወረድኩ፤ ሁለቱን መልሼ አስቀመጥኩ። ለምን እንደመለስኳቸው ላስረዳት ብሞክር ምላሴ ተሳሰረ። ያኔ ያላልኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ወንድምና እህት ሐዘንተኛ አይደሉም፤ አስተናጋጅ ናቸው። ሐዘንተኛ የሚባሉት እናት፣ ሚስት፣ ልጆች ናቸው። እድሩ ድንኳን ሲተክል ካስማ የሚይዘው ወንድም ነው። ንፍሮው መብሰሉን የምታየው እህት ናት። ከደብረ ሲና ዳገቱን ወጥተው የመጡት ዘመዶች የት እንደሚያድሩ የምታስበውም እሷው ናት። የሚያቅፋት ሰው ሁሉ ጆሮዋ ስር “አንቺ ጠንክሪ፣ እናትሽን ያዢ” ይላታል። ሰልስቱ ያልፋል። ድንኳኑ ይፈርሳል። ወንበሩ ተቆጥሮ ወደ እድሩ መጋዘን ይመለሳል። ለእሷ ሞቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከአርባ በፊት ልቦለድ አትስጡ። ቤቱ በሰው ሞልቶ እያለ ማን ያነባል? ወንድሜ በሞተ በሰልስቱ አንድ ወዳጄ በጣም የተወራለት መጽሐፍ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። አሳቢነቱ ገብቶኛል። መጽሐፉ ግን የንፍሮ ሳህን ማስቀመጫ ሆኖ ሰነበተ። ዛሬም ሽፋኑ ላይ ክብ ምልክት አለው።

ከአርባ በኋላ ያስኬዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ደህናው ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ወር ነው፤ ጠያቂው የሚሳሳበት፣ ስልኩም ዝም የሚልበት። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ደግሞ ቤቱ መልሶ በእህልና በጌሾ ሐሳብ ይያዛል። ያኔ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም።

ይህ አቆጣጠር ለሁሉም ቤት አይሠራም። ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቦታ ሙስሊም ወዳጅ ካላችሁ፣ በእስልምና ከባል በቀር ለሌላ ዘመድ የሚያዝ ሐዘን ከሦስት ቀን አያልፍም። “አርባው ይውጣ” ብላችሁ አትጠብቁ። ሦስቱ ቀን አለፈ ማለት ደግሞ ሆዷ በረደ ማለት አይደለም።

ከሞቱ የሚጀምረው

የሐዘን ልቦለድ ብዙ ዓይነት ነው። ለወንድምና ለእህት ግን እኔ በመጀመሪያ የማነሣው ከመርዶው የሚጀምረውን ነው። ገና በመጀመሪያው ገጽ ስልክ ይደወላል፣ ወይም ሽማግሌዎች በጠዋት ደጅ ይቆማሉ። ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንባቢዋ “ይሞት ይሆን?” እያለች አትሳቀቅም። የሚሆነው ሆኗል። የቀረው ልጁ ማን እንደነበረ ማየት ነው።

መለኪያዬ አንድ ናት። የመጀመሪያዎቹን 20 ወይም 30 ገጾች አንብቡ። ሟቹ ያናድዳል ወይ? ካላናደደ መልሱት።

ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ወንድም ጋሼ ከመንዝ የተገዛ በርኖስ ነበረው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ዝናብ የማያስገባ። የኩበት ጭስና የበግ ሽታ አይለቀውም። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ያ በርኖስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ “አውሰኝ” እለዋለሁ። “ብርድ ያጠነክርሻል” ይለኛል፣ ከነበርኖሱ እንደተኛ። የሚያውሰኝ እናታችን ዘንድ የምደብቅለት ጥፋት ሲኖርበት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ተናድጄ አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ በመቀስ ቆረጥኩት። ሦስት ሳምንት አላናገረኝም።

ሲሞት ለቀስተኛው ሁሉ “እንዴት ያለ ደግ፣ የለበሰውን አውልቆ የሚሰጥ” አለ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ስለ በርኖሱ ነበር የማስበው። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በለቅሶ ላይ ይታሰባል? ከወራት በኋላ ግን አንድ ልቦለድ ውስጥ ስኳር ከእህቱ የሚደብቅ ወንድም አገኘሁ። ሞቷል፤ ከገጽ አንድ ጀምሮ ሞቷል። ስኳሩን ጫማ ውስጥ ነው የሚደብቀው። ሳቅኩ። እየሳቅኩ ለቅሶው መጣ። ለእናቴ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። እርሜን አወጣሁ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ጅምሩ ይከብዳል። ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስም ማንበብ ያልለመደ ሰው ይጠፋበታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀጭኑን ፈልጉ።

በሞቱ የሚያልቀው

እዚህ ላይ ከብዙዎች ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። ሰው ሐዘንተኛ ሲያይ እጁ ወዲያው ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ይሄዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም ከወጣ ጀምሮ ስንቱን አስለቅሷል። እኔም እወደዋለሁ፣ አስተምረዋለሁም። ግን ወንድም ለሞተበት ሰው በመጀመሪያው ዓመት አልሰጠውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው። አንባቢዋ በመቶ በሚቆጠሩ ገጾች ሰው ትለምዳለች፣ ትወዳለች፣ ከዚያ ትቀብራለች። አንድ ቀብራ መጣች እኮ! ደግሞም የፍቅረኞች ሐዘን ሌላ ነው። ፍቅረኛ የመረጡት ሰው ነው። ወንድም ግን ሳይመርጡት፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ እየተገፋፉ ያደጉት ነው። የመጀመሪያው ሐዘን “ምነው በተገናኘን” ይላል። ሁለተኛው ከዚያ በላይ ግራ ነው፤ የልጅነትሽ ምስክር ነው የሞተው። ያ የቆረጥኩት ማሰሪያ እውነት ስለመሆኑ አሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

መጽሐፉን ማዳመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሰሙ ሰዎች ድምፁን እስከ ዛሬ ያነሣሉ። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በክፍል በክፍል ሲሰማ ሐዘኑ የአንድ ሰው ሸክም አይሆንም። ያኔ አልከለክልም።

ፍለጋው

ሦስተኛው ዓይነት የጠፋ ወንድም ወይም የጠፋች እህት የሚፈለጉበት ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ድንቅ አለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ጦቢያ እያልን የምንጠራውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው መጽሐፍ፣ ልቡ የወንድምና የእህት ፍቅር ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ይወጣል። እሱም በተራው ተይዞ ለባርነት ይዳረጋል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች።

አጭር ነው። አማርኛው የድሮ ነው፣ ይሽሞነሞናል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው የሚጣፍጠው። ወንድሙ ስደት ላይ ላለ፣ ስልኩ ለተቋረጠ፣ ግን በሕይወት አለ ተብሎ ለሚጠበቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ወንድሟ በበረሃ ወይም በባሕር ላይ ለቀረባት፣ መርዶው መጥቶ አስከሬኑ ላልመጣላት ሴት ግን አትስጡ። በጦቢያ መጨረሻ ወንድም ይገኛል። ለእሷ ያ መጽናናት አይሆንም፤ በር በር ማየቷን ያረዝምባታል። እርም ማውጣት ስንል ሞቱን አምኖ፣ አልቅሶ፣ ተስፋ ቆርጦ ማሰናበት ማለታችን አይደል? አስከሬን ያላየ ሰው እርሙን ለማውጣት የሚያምንበት ነገር ይፈልጋል።

ወንድምን ስለመቅበር ከተነሣ ግሪኮቹ ቀድመውናል። አንቲጎኔ ወንድሟ እንዳይቀበር ንጉሡ ሲከለክል ሕጉን ጥሳ አፈር ታለብሰዋለች። ከ2,400 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ተውኔት ነው። ለመንዝ ወይም ለቡልጋ ሰው ግን ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ወንድም ሳይቀበር አይታደርም። መጨረሻው ላይ ራስን ማጥፋት ስላለበት ግን በጣም ለከፋው ሰው አይሆንም።

ሟቹን “አንተ” እያለ የሚያወራው

አንዳንዱ ልቦለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሟቹ የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላል። “አንተ ያን ቀን እንዲህ አልክ፣ እኔ እንዲህ አልኩ።” ይህ ለጆሯችን ቅርብ ነው፤ ሙሾ አውራጅም እኮ የምታወራው ከለቀስተኛው ጋር አይደለም። ፊቷን ወደ ሟቹ አዙራ “ምነው ዝም አልክ?” ነው የምትለው። ስለዚህ ማንበብ የማይወድ ሰው እንኳ ቶሎ ይገባበታል።

ችግሩ ማር ይበዛበታል። ሙሾ ሁለት ስንኝ ነው፣ ታልፋለች። 300 ገጽ ሙሾ ግን ያንገሸግሻል። ደራሲው ሟቹን የሚወቅስበት ቦታ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። “ለምን ሳትነግረኝ? ለምን ሐኪም ቤት አልሄድክም?” የሚል ቁጣ ከሌለበት ተዉት።

በልጅ ዓይን የተጻፉም አሉ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ ጥሩ ናቸው። እኛ ልጆችን ጎረቤት ልከን “ሩቅ አገር ሄዷል” ነው የምንላቸው፤ መጽሐፉም እንደዚሁ እንዳይዋሻቸው አስቀድማችሁ አንብቡት።

የምክር መጽሐፍ ሆኖ የልቦለድ ልብስ የለበሰውን ግን በፍጹም አትስጡ። በየገጹ “ሁሉም ለበጎ ነው” የሚል ሽማግሌ አለው። ያን ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ አግኝታዋለች፣ ያውም በአካል።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ልጨምር። ለቅሶው ሳይሆን ተዝካሩ ያስጨነቀው ወንድም ካለ፣ በብድር ደግስ እየተባለ ከዘመድ ጋር የተጣላ፣ የመርሐቤቴው ተወላጅ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አዲስ ዓለም ያንብብ። ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት በልማድ ጉዳይ ከዘመዶቹ ጋር ሲፋጠጥ ያያል፤ ተዝካርም አለበት። የሐዘን መጽሐፍ ነው አልልም። “ለካ ይህ ጭቅጭቅ የኔ ብቻ አይደለም” ለማለት ግን ይበቃል።

የኛ ወይስ የውጭ?

“የኛው ይሻላል፣ ባህሉን ያውቃል” ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። በትርጉም መጽሐፍ ውስጥ ቀብሩ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ያልቃል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን ወጥ ቤት ተቀምጣ መስኮት ታያለች። የመንዝ አንባቢ “ጎረቤት የላትም እንዴ?” ብላ ትደነግጣለች።

እኔ ግን ለአስተናጋጇ እህት አንዳንዴ የውጩን እመርጣለሁ። ብቻዋን መሆን ነው ያጣችው። 40 ቀን ሙሉ ሻይ ስታቀርብ ለከረመች ሴት፣ ብቻዋን መስኮት የምታይ ሌላ ሴት ማንበብ እረፍት ነው። በተቃራኒው ከተማ ሄዶ ኪራይ ቤት ብቻውን ለሚያዝን ወንድም የእኛው ይሻለዋል። ሰው የበዛበት፣ ጫጫታ ያለበት፣ አክስቶች የሚነጫነጩበት።

አተረጓጎሙን ግን ፈትሹ። አንዱን ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ወንድምና እህት ሲጣሉ እንደ ሰው ከተናገሩ ግዙት። እንደ ዜና አንባቢ ከተነጋገሩ ይቅርባችሁ።

መጨረሻውን ቀድማችሁ እዩት

የልቦለድ መጨረሻ ቀድሞ ማየት ነውር ነው ይባላል። ለሐዘንተኛ ስትመርጡ ግን ግዴታ ነው። የውጭዎቹ ብዙ ጊዜ በማሰናበት ያልቃሉ። አመድ ባሕር ላይ ይበተናል፣ ቤት ይሸጣል፣ ደብዳቤ ይቃጠላል። ከዚያ ዋናዋ ሴት ተንፍሳ አዲስ ሕይወት ትጀምራለች። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። የእኛ ሥርዓት ሟቹን አይዘጋም። ሙት ዓመቱ ይመጣል፣ በክርስትና ስሙ ይጸለይለታል፣ ስሙ ይጠራል። ስለዚህ “ረሳሁህ፣ ተሻገርኩ” የሚል መጨረሻ ጥፋተኛ ያደርጋታል።

የምመርጠው ዕቃ እጅ የሚቀይርበትን መጨረሻ ነው። ሰው እንዳለ ይቆያል፤ ዕቃው ይሄዳል። የእኛም ቤት እንዲሁ ነው የሆነው። በርኖሱን ሁለት ዓመት ሳጥን ውስጥ አቆየሁት። ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፣ አሸትተዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ከዚያ የጋሼ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ሰጠሁት። ልጁ ለብሶት በመስታወት አይቶ “ይሸታል” አለ። ማሰሪያው ቦታ ላይ ቁልፍ አስተክሏል። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ።

በወረቀት ወይስ በጆሮ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። በክረምት ማታ እጅን ከጋቢ አውጥቶ ወፍራም መጽሐፍ መያዝ ቅጣት ነው። መብራትም ይሄዳል። ቀጭን መጽሐፍ፣ ጎላ ያለ ፊደል፣ ቀን ፀሐይ ላይ ደጃፍ ተቀምጦ የሚነበብ ይሻላል።

በስልክ የሚደመጥ ትረካ ለደከመ ዓይን ጥሩ ነው። ግን ጆሮ ማዳመጫ አብራችሁ ስጡ። እናት ጓዳ ሆና የመርዶውን ምዕራፍ ከሰማች ቤቱ እንደ አዲስ ይታመሳል። አይቼዋለሁ። ከወረቀቱ ጋር ሳነጻጽረው የትረካው ትልቅ ጉድለት ግን ሌላ ነው፤ ያስለቀሰሽ ገጽ ላይ ማቆም፣ መመለስ፣ ጥጉን ማጠፍ አይመችም። ሐዘንተኛ ደግሞ አንዲት ገጽ አሥር ጊዜ ነው የሚያነብ።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ለጠፋባት፣ ወይም “እሱን መከተል ነው የምፈልገው” ለምትል ሴት ግን ምርጫው በመጽሐፍ መካከል አይደለም። ይዛችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ብቻዋንም አትተዉአት።

ወደ መሐል ሜዳዋ እንግዳዬ ልመለስ። መልሼ ያስቀመጥኳቸው ሁለቱ አንዱ ፍቅር እስከ መቃብር፣ ሌላው ያ የሽማግሌው ምክር የሞላበት ናቸው። የሰጠኋት ቀጭን፣ ከመርዶው የሚጀምር፣ ከውጭ የተተረጎመ ነው። ስኳሩ ያለበት። ጥቅምት ላይ በሶ በፌስታል ቋጥራ መጣች። መጽሐፉ የለም።

“እህትሽ አነበበችው?” አልኳት።

“ሁለት ጊዜ። ‘ይሄ ልጅ ሲያናድድ!’ እያለች። የኛም ልጅ እንዲሁ ነበር፣ ስልኬን እየደበቀ ያስለቅሰኝ ነበር ብላ ሳቀች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ…” ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። “የመጨረሻዋን ምዕራፍ ግን አላነበበችም። ለሙት ዓመቱ ትቆይልኝ አለች። እትዬን ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላኛለች።”

ትያዘው አልኳት።